የለጋሽ ገንዘብና የማኅበሩ አቋም፦ ከመፈረማችን በፊት ውሉ ላይ ምን እንይ? (መንዝ)

ጸሐፊ ዘመሐል ሜዳ

ሰላም ለዚህ ቤት። መንዝ ውስጥ ላለ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ከውጭ ለጋሽ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ቀርቦለታል። ሥራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ነው፤ የውሻ ክትባት፣ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ጥቂት የትምህርት ቤት ክበባት። ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ ክርክር የለውም። አባላቱን ለሁለት የከፈላቸው ረቂቅ ውሉ ነው።

"ማኅበሩ ሕግ ወይም ፖሊሲ ለማስቀየር በሚደረግ ማንኛውም እንቅስቃሴ አይሳተፍም" የሚል አንቀጽ አለበት። ሌላው ስለ አካባቢው የዱር አራዊት የሚሰጥ መግለጫ ሁሉ ለጋሹ አስቀድሞ በጽሑፍ ካላጸደቀው እንዳይወጣ ይከለክላል። ከጠቅላላው ገንዘብ 20 በመቶው ደግሞ የሚለቀቀው የመጨረሻው ሪፖርት ከጸደቀ በኋላ ነው።

ማኅበሩ ግን ከዚህ በፊት የያዛቸው አቋሞች አሉት። በጓሳ፣ ማለትም በመንዝ የጋራ የሣር ቦታ፣ የሣር አጨዳ ለባለመብቶቹ እንዲቀጥል ይፈልጋል፤ በአውሬ ለተበላ በግ ካሳ እንዲታሰብ ይጠይቃል፤ በመሬት አጠቃቀም ከወረዳው ጋር ይከራከራል። የለጋሹ ደጋፊዎች እንስሳ ፈጽሞ አይነካ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ከአባላቱ ግማሹ "ከፈረምን አፋችን ተዘጋ" ይላል፤ ግማሹ "ፈረንጁ እዚህ ድረስ መጥቶ ማን ምን አለ ብሎ አይጠይቅም፣ እንፈርምና የራሳችንን እንናገር" ይላል።

ገንዘብ የታላላቆቹን ድርጅቶች አቋም ስለ መንካቱ በማስረጃ የታወቀ ነገር ካለ ብትነግሩን። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገን ግን ይህ ውል እንዴት ቢስተካከል እንደሚያዋጣ ነው። ሐሜት አንፈልግም፣ እሱ እዚሁ ሞልቷል።

ባዶ ካዝና

ሰላም ጸሐፊ። "ይህን በሉ፣ ያንን አትበሉ" ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ለጋሽ ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ድርጅቱ ራሱ የትኛው ንግግር ገንዘብ እንደሚያስቀርበት ቀድሞ አስልቶ አፉን መያዙ ነው። ዝም አይነቅዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዝምታ ደግሞ ሰነድ አይተውም። በግልጽ የወጡት ጉዳዮች ጥቂት የሆኑት ለዚህ ነው።

ከወጡት ውስጥ ዋናው ሴራ ክለብ የተባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነው። ዴቪድ ጌልባም የተባለ ባለሀብት ለዚህ ክለብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ሁሉ እንደዚያው ቁጠሩት) ለክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለካርል ፖፕ፣ ክለቡ ስደተኞችን የሚቃወም አቋም ከያዘ ከእሱ አንዲት ዶላር እንደማያገኝ ነግሮታል። ይህን የተናገረው ራሱ ጌልባም ነው፤ በ2004 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ላይ ወጣ። ክለቡ በ1996 በስደተኞች ጉዳይ ገለልተኛ እሆናለሁ ብሎ ወስኗል፤ በ1998 ጉዳዩ ለአባላት ድምፅ ሲቀርብም ገለልተኝነቱ 60 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ጸንቷል። እንግዲህ ገንዘቡ ነው የወሰነው ማለት አይቻልም፤ አባላት ድምፅ ሰጥተውበታል። ነገር ግን ድምፅ ሲሰጡ ትልቁ ለጋሽ ምን ብሎ እንደነበር አያውቁም። እኔ ጥፋቱን የማየው እዚያ ላይ ነው። አቋሙ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መረጃው ግን በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ቀርቷል።

ያው ክለብ ከ2007 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀብሏል፤ ምንጩ በአብዛኛው ቼሳፒክ ኢነርጂ ከተባለው የተፈጥሮ ጋዝ ኩባንያ ጋር የተያያዘ ነበር። ገንዘቡ የዋለው ድንጋይ ከሰልን ለመቃወም ዘመቻ ነው። ከሰልን መቃወም የክለቡ የራሱ አቋም ነው፣ ማንም አልገዛውም። ጋዝ ሻጩ ያደረገው ተፎካካሪውን የሚያጠቃውን ድምፅ ማጉላት ነው፤ በዚያው ልክ ጋዝ ቁፋሮ በሚያደርሰው ጉዳት ላይ የክለቡ አመራር ለዘብ ብሎ ቆየ። ነገሩ ለሕዝብ የተገለጠው በ2012 ነው፤ ያስቆመው ቀጥሎ የመጣው አመራር ነበር።

ትልቅ ለጋሽ ብቻ ነው የሚጫን ብላችሁ ደግሞ አታስቡ። በ1989 ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት (ሳይቲስ) የአፍሪካን ዝሆን ከንግድ ጨርሶ ወደሚከለክለው ዝርዝር አስገባ። ከዚያ በፊት ደብሊው ደብሊው ኤፍን የመሳሰሉ ድርጅቶች የዝሆን ጥርስ ንግድ በቁጥጥር ይቀጥል ወደሚለው ያዘነብሉ ነበር፤ እንደ ዚምባብዌ ያሉ አገሮችም ገበሬው ከዝሆኑ ካልተጠቀመ አይጠብቀውም ብለው ይከራከሩ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ግን የተገደሉ ዝሆኖች ፎቶ እያየ አሥርና ሃያ ዶላር የሚልከው ብዙ ሰው ንግድ የሚለውን ቃል መስማት አልፈለገም። አደኑ በእርግጥም ከልክ አልፎ ነበር፣ ለክልከላው የሚቀርብ ጠንካራ ማስረጃም ነበር። ያም ሆኖ ድርጅቶቹ ክልከላውን ለመደገፍ የተሽቀዳደሙበት ፍጥነት ከመዋጮው ተነጥሎ አይታይም። እልፍ ትናንሽ ለጋሾች እንደ አንድ ትልቅ ለጋሽ ናቸው፤ ልዩነቱ ቁጭ ብለህ የምትደራደረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ለእናንተ ጉዳይ ግን የበለጠ የሚጠቅመው መግዛትና መምረጥ የተለያዩ መሆናቸውን ማየት ነው። የአሜሪካ ዳክዬ አዳኞች ያቋቋሙት ዳክስ አንሊሚትድ አደንን አይቃወምም፤ አባላቱ አዳኞች ናቸው። በአሜሪካ ከ1937 ጀምሮ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ቀረጥ (ዛሬ 11 በመቶ) ለዱር አራዊት ጥበቃ ስለሚውል፣ የክፍለ ግዛቶቹ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤቶችም አዳኙን አያስቀይሙም። የእንግሊዙ ቦርን ፍሪ ደግሞ የተነሣው ከእንስሳት ደኅንነት ወገን ስለሆነ የአውሬውን ቀንድ ወይም ቆዳ ለመታሰቢያ ለመውሰድ የሚደረግን አደን ይቃወማል። እነዚህን አቋም ያስቀየራቸው የለም፤ ለጋሽና ድርጅት ሲጀመር ተፈላልገው ነው የተገናኙት። የእናንተም ለጋሽ እናንተን ሊገዛ ሳይሆን ቀድሞ የሚመስለውን ፈልጎ የመጣ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቀን ነው። ከዚህ ለጋሽ የተቀበለ ድርጅት ገንዘቡን ከማግኘቱ ሁለት ዓመት በፊትና ሁለት ዓመት በኋላ ያወጣቸውን መግለጫዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። የተቀየረውን ብቻ ሳይሆን የጠፋውን ፈልጉ።

የለጋሹን ራሱን ለጋሾች ለማየትም አይከብድም። እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገበ ከሆነ ዓመታዊ ሒሳቡ በበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ አለ። የአሜሪካ ከሆነ ቅጽ 990 የሚባለውን ዓመታዊ መግለጫውን ፈልጉ፤ ሠንጠረዥ ሲ ለሕግ ማስቀየሪያ ቅስቀሳ ምን ያህል እንዳወጣ ይናገራል። የትልልቅ ለጋሾች ስም ያለበት ሠንጠረዥ ቢ ግን ለሕዝብ ሲወጣ ስሙ ተሸፍኖ ነው፣ እሱን አትድከሙበት።

አንቀጽ በአንቀጽ

ባዶ ካዝና ታሪኩን ጨርሶታል። እኔ ውሉ ላይ ልሂድ።

"አይሳተፍም" የሚለው አንቀጽ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ መደራደር አትችሉም። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች ከ1969ኙ የግብር ሕግ ወዲህ ሕግ ለማስቀየር ቅስቀሳ ተብሎ የተመደበ ገንዘብ መስጠት አይችሉም፤ ከሰጡ ቅጣት አለባቸው፤ የእኛን አገር ሕግ ለማስቀየር ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ለጋሹ ውል ውስጥ መከላከያ ማስገባቱ አይገርምም። ችግሩ ጠበቃው ከሚያስፈልገው በላይ አስፍቶ መጻፉ ነው። ሕጉ የሚይዘው ገንዘቡን ነው፤ ተቀባዩ በሌላ ገንዘብ የሚያደርገውን አይከለክልም። አንቀጹን እንዲህ አዙሩት፦ "በዚህ ስምምነት የተሰጠው ገንዘብ ሕግ ለማስወጣትም ሆነ ለማስቀየር ለሚደረግ ቅስቀሳ አይውልም። ማኅበሩ ከሌላ ምንጭ ባገኘው ገንዘብ ሕጉ በሚፈቅድለት መንገድ አቋሙን መግለጹን ይህ ስምምነት አይከለክልም።" ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ፣ ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው። አብዛኛው ለጋሽ ይቀበለዋል፤ የእሱን አደጋ አይጨምርምና።

ይህ ግን ሒሳቡ ካልተለየ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የማኅበሩ ጸሐፊ ደመወዝ መቶ በመቶ ከፕሮጀክቱ የሚከፈል ከሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት ክልል ምክር ቤት ሄዶ ስለ ሣር መብት ቢናገር የተናገረው በለጋሹ ገንዘብ ነው፤ ኦዲተሩ እንዲህ ብሎ ይጽፈዋል፣ ልክም ነው። ደመወዙን 80 በ20 ክፈሉት። ሃያው ከአባላት መዋጮ ይከፈል፤ በወር አራት ቀን ያህል ማለት ነው። የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ ይሞላ፣ ሌላ የባንክ ሒሳብና ሌላ የደረሰኝ ጥራዝ ይኑር። 500 አባል በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 120,000 ብር ነው። ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ወደ ደብረ ብርሃንና ባሕር ዳር መመላለሻ፣ ማባዣና የዚያን ሃያ በመቶ ደመወዝ በከፊል ግን ይሸፍናል። ማኅበሩ ሊናገር የሚችለው በዚህ ገንዘብ ልክ ነው።

የመግለጫው አንቀጽ ከሁሉም የከፋው ነው፤ እንዳለ መፈረም የለበትም። ለጋሹ በተገቢ ሊጠብቅ የሚችለው ሦስት ነገር ነው፤ ስሙ፣ ዓርማው፣ በእሱ ገንዘብ ተሰብስቦ ገና ያልታተመ መረጃ። ማጽደቁ በእነዚህ ብቻ ይወሰን። የጊዜ ገደብም ይግባበት፤ "በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል" የሚል። ገደብ ከሌለው ለጋሹ እምቢ ማለት አያስፈልገውም፤ ኢሜይሉን አለመመለስ ይበቃዋል፣ ስብሰባው እስኪያልፍ።

አሁን 20 በመቶው። ፕሮጀክቱ ለምሳሌ 6 ሚሊዮን ብር ቢሆን 1.2 ሚሊዮኑን ማኅበሩ ከኪሱ አውጥቶ ሠርቶ ኋላ ሊጠይቅ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ወይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ወይ ማኅበሩ ይበደራል። የመጨረሻው ግማሽ ዓመት ደግሞ ስለሚቀጥለው ፕሮጀክት የሚወራበት ጊዜ ነው። ድርጅቶች በጣም የሚጠነቀቁት በነዚያ ወራት ነው፤ አቋም የሚታጠፈው እዚያ ነው። ወደ 10 በመቶ እንዲወርድ ጠይቁ። እምቢ ካለ ቢያንስ "ሪፖርቱ ሲጸድቅ" የሚለው "ሪፖርቱ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ" ይባል። ማጽደቅ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ መድረስ ግን ቀን አለው።

የመቋረጥ አንቀጹን ሳትጠቅሱ ቀርታችኋል፣ ግን ይኖራል። "የለጋሹን መልካም ስም የሚጎዳ ተግባር" ሲፈጸም ውሉ ይቋረጣል የሚል ካለ፣ ምን ማለት እንደሆነ ይዘርዘር፤ ማጭበርበር፣ ሙስና፣ ወንጀል። ካልተዘረዘረ ስለ በግ ካሳ መናገርም ስም ያጎድፋል ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ማስጠንቀቂያው ከ30 ወደ 90 ቀን ይርዘም፤ ቃል የተገባበት ወጪ፣ ማለትም የታዘዘ ክትባትና ውል ያለው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለጋሹ እንደሚከፍል ይጻፍ። ገንዘቡ በምን እንደተጻፈም ተመልከቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ በብር የተዋዋሉና በዶላር የተዋዋሉ ምን ያህል እንደተለያዩ ሁሉም ያየው ነው።

ስለ አገራችን ሕግ በአጭሩ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ ጉዳዮች መሥራት አይችልም ነበር። ዛፍ መትከልና አውሬ መጠበቅ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ይፈቀዳል። ግን የአውሬው ጉዳይ መሬትና መፈናቀልን ሲነካ ወዲያው መብት ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት "እኛ ፖለቲካ አንነካም" ብለው ዓሥር ዓመት ኖሩ። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል፤ በዚህ አዋጅ መሠረት የአገር ውስጥ ድርጅት የገንዘቡ ምንጭ የትም ይሁን በሥራው ዘርፍ ፖሊሲና ሕግ እንዲሻሻል መወትወት ይችላል። የፖለቲካ ፓርቲ መወትወት የተከለከለው ለውጭ ድርጅቶችና እዚህ በሚኖሩ የውጭ ዜጎች ለተቋቋሙት ነው። ልማዱ ግን ከአሮጌው ሕግ ጋር አብሮ አልተነሣም፤ ብዙ ማኅበር ማንም ያልጠየቀውን ዝምታ ዛሬም ለለጋሹ በነጻ ይሰጣል። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ዓላማ ውስጥ "በተፈጥሮ ሀብት ሕጎች ላይ ሐሳብ ማቅረብ" የሚል ከሌለ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩና አስገቡ። ካልገባ ያ ሥራ የአስተዳደር ወጪ ተደርጎ አዋጁ ለአስተዳደር ወጪ ባስቀመጠው የ20 በመቶ ጣሪያ ውስጥ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

ጅብራ

የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ውል ውስጥ የማይታይ አንድ ነገር አለ፤ መለኪያው። የፕሮጀክት ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው አመልካች ከማንኛውም አንቀጽ በላይ አቋም ይሠራል። አመልካቹ የታየ ቀበሮ ቁጥር፣ የጥበቃ ቀናት ብዛት፣ የተከተበ ውሻ ብቻ ከሆነ በሦስተኛው ዓመት ማኅበሩ ስለ ሣር ማውራት ያቆማል። ማንም ዝም በል አላለውም፤ የሣር ሪፖርት የሚጠይቅ ስለሌለ ብቻ ነው።

ጓሳን ያቆየው ግን ሣሩ ነው። የቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ጓሳን በጋራ የመጠበቂያው ደንብ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከአስቦና ከጌራ ርስት በተነሣ የባለመብት ሐረግ የቆመ ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለክፉ ቀን መኖ የሚሆን ሣር እንዲበረክት ቦታው እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት በበጋው ይከፈታል፣ ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ አቦ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሰው ከቦታው ይወጣል። ፍልፈሉ ከሣሩ በታች ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮው ፍልፈሉን ይበላል። ማለት፣ ቀበሮው የተረፈው ሰው ሣሩን ፈልጎ ስለጠበቀው ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ የባለርስቱ መብት ሲፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ተናጋ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ አደራጅቶ መለሰው፣ ቀጥሎም በክልሉ ደንብ ሕጋዊ እውቅና አገኘ። የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበርም ሆነ ሌሎቹ የመጡት የቆመ ሥርዓት አግኝተው ነው። እነሱ ባይመጡ ብዙ ነገር ይጎድል ነበር፤ ግን ገንዘባቸው ሥርዓቱን አልፈጠረውም፤ ይህን በድርድር ጊዜ ለመናገር አትፈሩ።

ስለዚህ አመልካች ጨምሩ፦ በሕግ የታጨደ የሣር ሸክም፣ ከሣር የተጠቀመ የቤተሰብ ብዛት፣ የተቀጣ ጥሰትና ቅጣቱን የወሰነው ማን እንደሆነ። ለጋሹ ከተቀበላቸው ስለ ሣር መብት መናገር የፕሮጀክቱ ሪፖርት ይሆናል፤ ማንም ፖለቲካ ሊለው አይችልም።

ክትባቱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። እብድ ውሻ በሽታ እንዲቆም ከውሻው 70 በመቶው መከተብ አለበት ይባላል፤ ውሻ ቶሎ ይወለዳል ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ ክትባቱ በየዓመቱ ካልተደገመ ሽፋኑ ይወርዳል። ባሌ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 (እ.ኤ.አ.) በሽታ ቀበሮውን ደጋግሞ ፈጅቶታል። በሦስት ዓመት የሚያልቅ ገንዘብ በአራተኛው ዓመት ለጋሹን ለማስደሰት የምትገደዱበት ገንዘብ ነው፤ ክትባቱ ከቆመ ተጠያቂው እናንተ ናችሁና። ስለዚህ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የወረዳው እንስሳት ጤና ምን ያህሉን እንደሚረከብ አሁኑኑ አስፈርሙት። የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝም እንዲሁ ነው። በፕሮጀክት ሂሳብ ደህና ደመወዝ የለመደ ጠባቂ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በማኅበረሰቡ አበል አይመለስም፤ በነጻ ይጠብቅ የነበረውም ሰው "እኔስ ለምን በነጻ?" ይላል።

ወፍ ዋሻ

ለጋሽን ብቻ ተጠራጥራችሁ አትሙቱ። እዚህ አገር አንድን ማኅበር ዝም የሚያሰኘው ከፈረንጁ ይልቅ ወረዳው ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ እሱ፣ የቢሮ ቦታ የሚሰጥ እሱ፣ ስብሰባ የሚፈቅድ እሱ። ይህ በገንዘብ አይጻፍም እንጂ ልገሳ ነው፤ እከክልኝ ልከክልህም አለበት። ማኅበሩ ከወረዳው ጋር በመሬት የሚከራከር ከሆነ የውጭ ለጋሽ መኖሩ አንዳንዴ ጥላ ይሆናል፤ ስም ያለው ድርጅት የሚያየው ቦታ ላይ እንደፈለጉ አይረግጡም።

የነጭ ሳርን ነገር ደግሞ አስታውሱ። አፍሪካን ፓርክስ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ፓርኩን፣ ቀጥሎ ኦሞን ለማስተዳደር ሲረከብ ሰዎችን ከፓርኩ የማስወጣቱ ነገር የመንግሥት ሥራ ነበር። ጉጂዎች ቤታቸው ሲቃጠል ወቀሳው ወደ ድርጅቱና ወደ ገንዘብ ሰጪዎቹ ዞረ፤ በ2007 መጨረሻ ከኢትዮጵያ እንደሚወጣ አስታወቀ። እዚያ ላይ ገንዘቡ አይደለም መንግሥትን የጠመዘዘው፤ የመንግሥት አቋም ነው በውል በኩል ወደ ጥበቃ ድርጅቱ የተላለፈው። በደብሊው ደብሊው ኤፍ ላይም በ2019 በእሱ የሚደገፉ ጠባቂዎች ሰው አሰቃዩ የሚል ምርመራ ሲታተም፣ በቀድሞዋ የተመድ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነር በናቪ ፒላይ የተመራ ገለልተኛ ቡድን ጉዳዩን መረመረ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ገንዘብ ይዟል። ለጋሽ አንዳንዴ የተገፋውን ሰው ወገን ይዞ ይጫናል። በእናንተ ውል ውስጥ የአቤቱታ አንቀጽ ካለ፣ የአካባቢው ሰው በቀጥታ ለለጋሹ ማመልከት የሚችልበት፣ አታስወጡት። ለማኅበሩ አመራር የማይመች ነው፣ ለአባላቱ ግን ይጠቅማል።

ጸሐፊ ዘመሐል ሜዳ

ሁላችሁም ተባረኩ። "አንቀጽ በአንቀጽ" ያልከውን ይዘን እንሄዳለን። ወፍ ዋሻ ያልከው የአቤቱታ አንቀጽ አለ፤ አንዳንድ የኮሚቴ ሰው ይውጣ ብሎ ነበር፣ ለምን እንዳለም አሁን ገባን። የቀረ ጥያቄ፦ ለጋሹ የመግለጫውን አንቀጽ "የሁሉም ውላችን ቅጽ ነው፣ ለአንድ ማኅበር ብለን አንቀይርም" ካለስ? ከጠቅላላ ገቢስ ምን ያህል በመቶ ከአንድ ለጋሽ ቢመጣ ነው አደጋ የሚባለው?

አንቀጽ በአንቀጽ

በመቶኛው ሕግ የለውም፣ የእኔን ግምት ልንገርህ። ከአንድ ምንጭ ከሲሶ በላይ ከመጣ ያ ለጋሽ በድንገት ቢወጣ ሠራተኛ መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ከመጣ ማኅበሩ ይዘጋል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ዩኤስኤአይዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲዘጋ በእሱ ላይ የቆሙ ድርጅቶች የደረሰባቸው ይኸው ነው፤ ለጋሹን ያስቀየሙበት ነገር አልነበረም። የእናንተ ፕሮጀክት ከግማሽ በላይ መሆኑ ከሁኔታው ይታየኛል። መቀነስ ካልቻላችሁ የስድስት ወር ደመወዝ የሚሆን መጠባበቂያ ቀስ በቀስ አጠራቅሙ፤ ለዚህ የፕሮጀክት ገንዘብ አይፈቀድም፣ ከተዘዋዋሪ ወጪ ድርሻው (ለቢሮና ለአስተዳደር ተብሎ ከሚሰጠው) ግን ይቻላል። ከ10 እስከ 15 በመቶ ጠይቁ፣ በረቂቁ ከሌለ ረስተውት ሳይሆን ስላልጠየቃችሁ ነው።

"ቅጹን አንቀይርም" ለሚለው መውጫው አባሪ ነው። የዋናውን ውል ፊደል ሳትነኩ የአንድ ገጽ አባሪ አያይዙ። ከመፈረማችሁ በፊት የሥራ አመራር ቦርዱ ይሰብሰብና ማኅበሩ አሁን ያለው አቋም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሣር፣ ካሳ፣ የመሬት አጠቃቀም፣ እያንዳንዱ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት። አባሪው "ማኅበሩ ከዚህ ውል በፊት የያዛቸው አቋሞች ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል፤ እነዚህን መድገምም ሆነ ማብራራት ተጨማሪ ፈቃድ አይጠይቅም" ይበል። ቅጹ አልተነካም፣ የፕሮግራም ኃላፊው ወደ ጠበቃው መመለስ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያልፋል። አዲስ አቋም ሲመጣ ግን የማጽደቁ ነገር እንደገና ይነሣል፤ አባሪው ያለውን ብቻ ነው የሚያድነው።

አባሪውንም እምቢ ካሉ ነገሩ ቅጽ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ የክትባቱን ሥራ ብቻ ለይታችሁ በአንድ ዓመት ውል ውሰዱ፣ ደመወዙን ተዉት። ክትባት አቁሞ ገንዘብ መመለስ ይቻላል፤ ስድስት ጠባቂ ማባረር ግን ይከብዳልና ዝም የሚያሰኛችሁ እሱ ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ውሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚነበበው ደግሞ የአማርኛ ትርጉሙ ነው። ሁለቱ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና፣ ክርክር ቢነሣም በየት አገር ፍርድ ቤት ወይም ግልግል እንደሚታይ ከመጨረሻዎቹ አንቀጾች አንዱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለንደን ወይም ኒውዮርክ ከሆነ የመብት አንቀጻችሁ ሁሉ ለእናንተ የሚጠቅመው በድርድር ብቻ ነው፣ ጠበቃ የመቅጠር አቅም የለምና። አዲስ አበባ እንዲሆን ጠይቁ።

ጅብራ

አባሪው ላይ የሣሩን አቋም ስትጽፉ "ባለመብቶች" ማለት እነማን እንደሆኑ በቀበሌ ስም ዘርዝሩ። "የአካባቢው ማኅበረሰብ" ብቻ ከተባለ ነገ ማንም ራሱን የአካባቢው ማኅበረሰብ ብሎ ይመጣል።